የአንድ ዲግሪ ቅናት

ባምላክን ብትጠይቁት፣ የርሆቦት ኮምፒውተር የታመመው ካርዱ ስለቆመ ነው። «ግራፊክስ ካርድ ተኝቶ የሚሠራ ዕቃ ነው» ይላል። «ማራገቢያውን ወደ መስታወት አስጠግቶ ያቆመው ሰው ነው አፍኖ የገደለው።»

ቃለ ሕይወትን ብትጠይቁት ደግሞ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ካርዱ የታመመው ሦስት ወር ሙሉ ተኝቶ ስለከረመ ነው። «እንዲህ ያለ ከባድ ዕቃ በአንድ ጎኑ ብቻ ተይዞ ሲኖር ይጎብጣል። እኔ ስደርስ ትንሽ ጎብጦ ነበር። የጎዳው ያስተኛው ሰው ነው» ይላል።

የሚጨቃጨቁት ስለ አንድ ዕቃ ነው፤ ከክንድ ያጠረ፣ ሦስት ማራገቢያ ያለው፣ በኮምፒውተር ሆድ ውስጥ ተቀምጦ ሥዕል የሚያወጣ ጥቁር ካርድ። ሁለቱም በሙያቸው የተመሰገኑ ናቸው። ሁለቱም አልዋሹም። ይሁን እንጂ ባሕር ዳር፣ ከጊዮርጊስ ማዶ ባለው የሱቅ መደዳ የሚውል ሰው ሁሉ፣ ጠቡ የካርድ ጠብ ብቻ እንዳልነበረ ያውቅ ነበር።

ከባምላክ እንጀምር፤ ቀድሞ ያገኛት እሱ ነውና።

ኅዳር ውስጥ ነው። ባምላክ አጎቱን ቄስ ወልደ ሐዋርያትን ጠይቆ ከዘጌ በጀልባ ይመለስ ነበር። ጣና መሃል ሲደርሱ ነፋስ ተነሣና አንድ ሞገድ ጀልባዋን ጎኗን መታት። ውሃው ከፊቱ የተቀመጠችውን ልጅ ከነቦርሳዋ አጠባት። ልጅቷ ራሷን ትታ ከቦርሳዋ ላፕቶፕ አወጣች።

«ወይኔ ሥራዬ!»

«እህቴ፣ እንዳታበሪው!» አለ ባምላክ፣ ሳያስበው ከመቀመጫው ተነሥቶ።

«አንተ ደግሞ ማን ነህ?»

«ኮምፒውተር ሠሪ ነኝ። ባትሪውን ላውጣው፣ ፍቀጅልኝ።»

«እዚህ? ጀልባ ላይ?»

«የረጠበውስ ጀልባ ላይ አይደል?»

ልጅቷ አየችውና ሳቀች። ውሃ ከቅንድቧ ላይ እየተንጠባጠበ ነበር የሳቀችው። ባምላክ ያንን ሳቅ ከዚያ በኋላ በየቀኑ አስታወሰው። በኪሱ በማትጠፋው ትንሽ መፍቻ ላፕቶፑን ፈታታው፤ ነጠላውን ጭኑ ላይ ዘርግቶ ቁርጥራጩን ደረደረበት፤ ወደቡ እስኪደርሱም በባርኔጣው ሲያራግብለት ቆየ። እሷም እጁን ስታይ ቆየች።

ርሆቦት ትባላለች። የተማረችው የሕንፃ ንድፍ ነው፤ ልቧ ግን ወደ ሥዕል ያደላል። ለልጆች የሚሆን ተንቀሳቃሽ ሥዕል ትሠራለች። በዚያን ጊዜ የያዘችው ማዕበል የምትፈራ አንዲት ታንኳ ታሪክ ነበር፤ ከደቅ ደሴት ተነሥታ ባሕር ዳር መድረስ ያለባት። ላፕቶፑ ከውሃው ተረፈ፤ ለዚህ ሥራ ግን አቅም አልነበረውም። ስለዚህ ባምላክ በታኅሣሥ ከዚህም ከዚያም ዕቃ አሰባስቦ፣ ኮምፒውተር ገጣጠመላት። ካርዱ ከባድ ስለነበር፣ ጣት የምታህል እንጨት ጠርቦ ከሥሩ ደገፈው።

«ይህ ምንድን ነው?» አለች ርሆቦት፣ አንገቷን ወደ ሳጥኑ ውስጥ አስግጋ።

«ምርኩዝ። ተኝቶ ሲሠራ በክብደቱ እንዳይጎብጥ ደገፍሁት።»

«ከምን እንጨት?»

«ከቡና። ከአጎቴ ጓሮ ያመጣሁት ነው።»

«ኮምፒውተሬ ምርኩዝ ይዛለች በለኛ! ባሕታዊት ሆናለች።»

ባምላክ ሳቀ። ሲስቅ ዓይኖቿን ላለማየት ብሎን ያጠበቀ መሰለ።

«ቤት መጥተህ ትከልልኝ» አለችው ስትሄድ። «ሽምብጥ ነው ቤታችን፤ ሩቅ አይደለም። እማዬም ትወቅህ።»

«ሥራ በዝቶብኛል» አለ። «ሽቦው የት የት እንደሚገባ በስልክ እነግርሻለሁ።»

ሥራ አልበዛበትም። ነገሩ ሌላ ነው። አጎቱ ከልጅነቱ ጀምረው የነገሩት አንድ ቃል ነበር፦ «ሽማግሌ ልትልክበት ያሰብኸውን ደጅ ቀድመህ አትርገጥ። እግርህ ከቀደመ፣ የሽማግሌዎቹ ቃል ይቀልላል።» ባምላክ ደግሞ ሽማግሌ ሊልክ አስቧል። ፋሲካ እንዳለፈ ሊልክ ቆርጧል። ይህን ሐሳቡን ለአጎቱ ነገራቸው፤ አጎቱም መረቁት። ለርሆቦት ግን አልነገራትም። በትዕግሥቱ የሚመሰገን ሰው ነው፤ ትዕግሥት አንዳንዴ ከዝምታ ጋር እንደሚምታታ ግን የነገረው የለም።

ቃለ ሕይወት የመጣው በየካቲት ነው።

ርሆቦት ፊልሙን የምትሠራለት የአዲስ አበባ ድርጅት ባለሙያ ነበር። ለሌላ ጉዳይ ባሕር ዳር መጥቶ «እግረ መንገዴን ልይሽ» ብሎ ብቅ አለ። እግረ መንገዱ ሁለት ወር ፈጀ። ረጅም ነው፤ ጨዋ ነው፤ ሲያወራ ሰውን ያስቃል። ርሆቦትን «ርሆዬ» ይላታል። ቤቷ የገባውም በመጣ በሁለተኛው ቀን ነው። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው አለ ባምላክ በልቡ፣ ወሬው ሲደርሰው።

መጋቢት አጋማሽ ላይ፣ አስፋልቱ በሚያቃጥልበት ቀትር፣ አንድ ባጃጅ ሱቁ ፊት ቆመ። ርሆቦት በጋቢ የተጠቀለለ ነገር ታቅፋ ወረደች። ጋቢውን ስትገልጠው ባምላክ የማያውቀው ሳጥን ብቅ አለ፤ አንድ ጎኑ መስታወት የሆነ፣ አናቱ እንደ ወንፊት የተበሳሳ።

«እኔ የሠራሁት ሳጥን የታለ?»

«ቤት አለ። ይህን ያመጣልኝ ቃለ ሕይወት ነው። ከድርጅታቸው ተርፎ ነው። አያምርም?»

ያምራል። አንጀቱን ያሳረረውም ማማሩ ነው።

ርሆቦት ቁልፎቿን ባንኮኒው ላይ ጣል አድርጋ በርጩማው ላይ ተቀመጠች። ባምላክ ወደ ቁልፎቹ አልዞረም፤ በመስታወቱ ውስጥ ያለውን እያየ ነበር። ያስተኛው ካርድ ቅዳሴ ላይ እንዳለ ዲያቆን ቀጥ ብሎ ቆሟል። ማራገቢያዎቹ ወደ መስታወቱ ዞረዋል። ከሥሩ ምንም የለም።

«ምርኩዙስ?»

«ሲቆም እኮ ምርኩዝ አያሻውም።»

«ማን አለሽ?»

«ቃለ ሕይወት።»

«ቃለ ሕይወት» አለ ባምላክ፣ መራራ እንደቀመሰ ሰው። «እያንዳንዱን ብሎን ያጠበቅሁት እኔ። እሱ መጥቶ ሳይጠይቀኝ ገልብጦ አቆመው።»

«ዕቃው የእኔ ነው እኮ፣ ባምላክ። የጠየቀኝ እኔን ነው።»

ባምላክ መፍቻውን አነሣ፤ መልሶ አስቀመጠው።

«አሁን የመጣሁት ለእሱ አይደለም» አለች ርሆቦት፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ሳጥኑ ከተቀየረ ወዲህ እየጠፋብኝ ነው። ፊልሙን ለማውጣት ሥራ ሳስጀምረው ገና በግማሽ ሰዓት ይግላል፤ ያጓራል፤ ከዚያ ድርግም ይላል። ለሆሳዕና ማስረከብ አለብኝ። ካስረከብሁ ለአንድ ዓመት እዚሁ ሆኜ እንድሠራላቸው ይፈርማሉ። ካላስረከብሁ አዲስ አበባ ሄጄ በእነሱ ማሽን መሥራቴ ነው። ቃለ ሕይወት ከሱ አጠገብ ጠረጴዛ አዘጋጅቼልሻለሁ ብሎኛል።»

ባምላክ ከዚህ ሁሉ የሰማው «ከሱ አጠገብ» የሚለውን ነው።

እሷ ከሄደች በኋላ ማሽኑን ከነሥራው አስነሥቶ ሦስት ሰዓት አስሮጠው። የካርዱ ሙቀት ሰባ አንድ ዲግሪ ደረሰና እዚያው ቆመ። አላጓራም። አልጠፋም። ካርዱ ከመስታወቱ ሁለት ጣት ያህል ርቋል፤ ለመተንፈስ በቂ ነው። ቀና ፍርድ ያለው ሰው «እኔ ዘንድ ምንም አልሆነም» ይል ነበር። ባምላክም ቀና ፍርድ ያለው ሰው ነው፤ ማንንም ጠይቁ። በዚያን ቀን ግን ካርዱን ፈታ፤ አስተኛው፤ እርሳስ ቆርጦም ደገፈው። እንደገና ለካ። ሰባ።

«ይኸው!» አለ ብቻውን። አንድ ዲግሪ ነው ያሸነፈው። ቅናት ግን የአንድ ዲግሪ ድል ይበቃዋል።

ስልክ ደወለላት። «አገኘሁት። አቋቋሙ ነው። አስተኝቼዋለሁ፤ ከእንግዲህ ማንም እንዳይነካው።»

በማግሥቱ ቀትር ላይ ደወለች። «ጠፋ፣ ባምላክ። አሁንም ጠፋ።» ከሰዓት በኋላ ቃለ ሕይወት ቤቷ ሄዶ ካርዱን መልሶ አቆመው። ካርዱ በሦስተኛው ቀን እንደቆመ ወደ ሱቁ ተመለሰ። ባምላክ አስተኛው፤ እዚያ ሦስት ሰዓት ሮጦ ምንም አልሆነም፤ ቤት ሲገባ ጠፋ። ቃለ ሕይወት አቆመው፤ ጠፋ። ለሦስተኛ ጊዜ ወደ ሱቁ መጣ። በመጣች ቁጥር ርሆቦት ቁልፎቿን ባንኮኒው ላይ ታስቀምጣለች፤ በመጣች ቁጥር ባምላክ አንገቱን ሳጥኑ ውስጥ ይቀብራል።

ከጎኑ ፎቶ ኮፒ የሚያነሣው ገድሉ የሐሙሲት ልጅ ነው፤ ምላሱ አያርፍም። በሩ ላይ ተደግፎ ይህን ሁሉ ሲያይ ሰንብቷል።

«ስማ ባምላክ፣ ይህ ካርድ ሑዳዴ ያዘ እንዴ? ሲቆም፣ ሲሰግድ፣ ሲቆም፣ ሲሰግድ! ለሆሳዕና ሳይጸድቅ አይቀርም።»

«ወደ ሥራህ ሂድ፣ ገድሉ።»

«እሄዳለሁ። ግን አንድ ነገር ንገረኝ። የምትለካው ሙቀት የካርዱ ነው ወይስ የራስህ? ያንተ ዘጠና ያለፈ ይመስለኛል።»

ባምላክ ጨርቅ ወረወረበት። ገድሉ ጨርቁን ቀልቦ፣ አጣጥፎ፣ በትሕትና መለሰለትና ሄደ።

ሐሙስ አመሻሽ ላይ፣ ፀሐይ ጣናን መዳብ ስታስመስለው፣ ባምላክ ሱቁን ዘግቶ በሐይቁ ዳር ወደ ቤቱ ይሄድ ነበር። ከዋርካው ሥር፣ ጭማቂ ከሚሸጥበት ቦታ፣ ሳቅ ሰማ። ሳቁን አወቀው። የጀልባው ሳቅ ነው። ዘወር ሲል ርሆቦትንና ቃለ ሕይወትን በአንድ ጠረጴዛ አያቸው። በመካከላቸው ሁለት ብርጭቆ የማንጎ ጭማቂና የተከፈተ ላፕቶፕ አለ። ቃለ ሕይወት በእጁ ማዕበል እየሠራ ያሳያታል፤ እሷ ጭንቅላቷን ወደ ኋላ ጥላ ትስቃለች።

ሳያዩኝ ልለፍ አለ። እግሩ ግን ተተክሎ ቀረ።

«ባምላክ!» አለ ቃለ ሕይወት፣ እጁን አውለብልቦ። «ና እንጂ! ስላንተ እያወራን ነበር።»

ሄደ። ተቀመጠ። ጭማቂ ታዘዘለት፤ አልነካውም።

«እውነቱን ልንገርህ» አለ ቃለ ሕይወት፣ ያለ ክፋት። «ያንን ካርድ ባታስተኛው ደስ ይለኛል። ጎብጦ ነበር እኮ ያገኘሁት።»

«እኔ ደግፌው ነበር። ድጋፉን ያነሣኸው አንተ ነህ።»

«በእንጨት?»

«በእንጨት! ምን ነውር አለው? አንተ ግን መስታወት ላይ ለጥፈህ አፈንኸው። ለማን እንዲታይ ነው የቆመው? ዕቃው የሚሠራ ነው ወይስ የሚታይ?»

ሩቅ፣ ውሃው ላይ፣ አንድ ታንኳ ቀዛፊ ወደ ዳር ይመለስ ነበር። የቃለ ሕይወት ስልክ ጮኸ፤ ይቅርታ ጠይቆ ተነሣ።

ርሆቦት ብርጭቆዋን በጣቷ አዞረች። ከዚያ ቀና ብላ አየችው።

«አንተ የምትጠላው አቀማመጡን ነው ወይስ ያስቀመጠውን ሰው?»

ባምላክ ያልነካውን ብርጭቆ ወደ ጎን ገፋ።

«እኔ ዘጠኝ ቀን ነው የቀረኝ» አለች። «ታንኳዬ ሐይቁ መሃል ቆማለች። እናንተ ትገለብጡታላችሁ እንጂ አንዳችሁም ለምን እንደሚግል አልነገራችሁኝም። ካልሆነ እሄዳለሁ፣ ባምላክ። መሄድ ፈልጌ አይደለም። ግን እሄዳለሁ።»

ያን ምሽት ወደ ቤቱ ሲሄድ ከጎኑ የተራመደው ያ ጥያቄ ነው። በማግሥቱ ጠዋት ሱቁ ውስጥ ተቀምጦ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ እንደ ባለሙያ አሰበ። እኔ ዘንድ ቆሞ ሰባ አንድ። እኔ ዘንድ ተኝቶ ሰባ። ሦስት ጊዜ መጣ፤ ሦስቱንም ጊዜ ደህና ነበር። ቤቷ ግን ቢቆምም ይጠፋል፤ ቢተኛም ይጠፋል። እንግዲያውስ ጥፋቱ የመቆም አይደለም፤ የመተኛትም አይደለም። ጥፋቱ ያለው ያልረገጥሁት ቤት ውስጥ ነው።

ይህን ሲያስብ በራሱ አፈረ። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ቁጥሩ ይህንኑ ሲነግረው ነበር። እሱ ያዳመጠው ቅናቱን ነው።

አጎቱ ጋ ደወለ።

«አባ፣ ያንን ደጅ ልረግጠው ነው። ሽማግሌ ሳልልክ።»

ቄስ ወልደ ሐዋርያት መልሰው ጠየቁት። «የምትሄደው ልትታይ ነው ወይስ ልታግዝ?»

«ላግዝ።»

«ለማገዝ የረገጠ እግር ቃል አያቀልልም። ሂድ ልጄ።»

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ሽምብጥ ደረሰ። በሩን ያንኳኳው ሦስት ጊዜ እጁን አንሥቶ ከመለሰ በኋላ ነው። የከፈቱለት የርሆቦት እናት ወይዘሮ ሰብለ ወንጌል ናቸው፤ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠላሳ ዓመት ሠርተው ጡረታ የወጡ፣ ቀጭን፣ ዓይናቸው የማያርፍ ሴት።

«ማን ልበል?»

«ባምላክ ነኝ፣ እትዬ። ኮምፒውተሩን የሠራሁት።»

«የጀልባው?» አሉ፣ እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው። «አራት ወር ሙሉ ስምህን ስሰማ ኖሬ መልክህን ዛሬ አየሁት! ግባ፣ ግባ። እኔስ ደጃችን እሾህ አለበት ብዬ ነበር።»

ከውስጥ የርሆቦት ድምፅ ተሰማ። «እማዬ፣ ማን ነው?» ብቅ ስትል ደነገጠች። ከዚያ ወደ እናቷ ጆሮ ተጠግታ በሹክሹክታ «እማዬ፣ ዳንቴሉን አንሺው፤ ሰው ይስቅብናል!» አለች። እናትየው ፈጠን ብለው ከኮምፒውተሩ ላይ አንድ ነጭ ነገር ገፈፉና ወንበር ላይ አጠፉት።

ቃለ ሕይወትም ወዲያው ከበስተኋላው ደርሶ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠ። ባምላክ ሲያየው ቅናቱ ተነሣበት። ዋጠውና እጁን ዘረጋ።

«እንዴት አደርህ፣ ቃለ ሕይወት? አብረን እንየው።»

ቃለ ሕይወት ገረመው፤ እጁን ጨበጠው። ቃለ ሕይወት ካርዱን መልሶ አቁሞት ነበር፤ እንደቆመ ሥራውን አስነሡት። ስልሳ፣ ስልሳ ስምንት፣ ሰባ አንድ። አንድ ሰዓት አለፈ። ሰባ አንድ።

«አየህ?» አለ ቃለ ሕይወት። «ቆሞ ይሠራል።»

«አየሁ» አለ ባምላክ። «ግን ይህን የሚያህለውን እኔም ዘንድ ሠርቷል። የሚጠፋው መቼ ነው?»

«እኔ ብቻዬን ስሆን» አለች ርሆቦት። «እናንተ ስትመጡ ጨዋ ይሆናል። እንግዳ የሚያከብር ኮምፒውተር ነው ያለኝ።»

«ኑ እንግዲህ፣ ምሳ ቅመሱ» አሉ ወይዘሮ ሰብለ ወንጌል። ሦስቱም በዚያው ክፍል ጥግ ወዳለው ማዕድ ዞሩ። ሽሮው ይንተከተካል፤ ቃለ ሕይወት ቀልድ ጀመረ፤ ርሆቦት ሳቀች፤ ባምላክም ለመጀመሪያ ጊዜ ከቃለ ሕይወት ጋር ሳቀ።

ሁለት ጉርሻ ሳይሞላ ከበስተጀርባው ድምፅ ሰማ። በመጀመሪያ እንደ ንብ፣ ቀጥሎ እንደ ወፍጮ። ማራገቢያዎቹ ያጓራሉ። ባምላክ እጁ ላይ እንጀራ እንደያዘ ዞረ።

ሳጥኑ አናቱ ላይ ነጭ ዳንቴል ለብሷል። በኪሮሽ የተሠራ፣ ጥልፉ ድርብርብ፣ አቧራ እንዳያሳልፍ ከሥሩ አቡጀዲ የገባበት፤ ከፊት ለፊቱም እስከ ግማሹ ይወርዳል። ወይዘሮ ሰብለ ወንጌል ለማዕዱ ውሃ ሲያመጡ፣ በሩ ክፍት መሆኑንና ባጃጆቹ አቧራ ማንሣታቸውን አይተው፣ ቴሌቪዥኑን እንደሚያለብሱት ሁሉ አልብሰውታል። ልክ እንደየዕለቱ።

ባምላክ ሄደ። ሙቀቱ ዘጠና ሦስት ይላል። የዳንቴሉን ጠርዝ በቀስታ ሲያነሣ የምጣድ ወላፈን የመሰለ ትንፋሽ ፊቱን መታው። አሮጌው ሳጥን የሚተነፍሰው በጀርባው ነበር፤ አናቱ ድፍን ነው፤ ዳንቴሉ አልጎዳውም። ይህ ግን በአናቱ ነው የሚተነፍሰው። እንግዳ ሲመጣ ርሆቦት በሐፍረት ታስነሣዋለች። እንግዳው ሲወጣ እናቷ በፍቅር ይመልሱታል። ሁለቱም ወንዶች ሳጥኑን ዳንቴል ለብሶ አይተውት አያውቁም።

ዳንቴሉን ገፎ በሁለት እጁ ይዞ ቆመ። ቁጥሩ ወረደ። ሰማንያ አምስት። ሰማንያ። ሰባ አራት። ማራገቢያዎቹ ዝም አሉ።

«እኔ ነኝ?» አሉ ወይዘሮ ሰብለ ወንጌል። «ልጄን ወደ አዲስ አበባ ስነዳት የከረምሁት እኔው ነኝ? ለትዳርዋ ብዬ የሠራሁት ዳንቴል ነው፤ አቧራ እንዳይገባበት ብዬ…»

«እርስዎ አይደሉም፣ እትዬ» አለ ባምላክ ቶሎ ብሎ። «ጥፋቱ የእኛ ነው። አዲሱ ሳጥን በአናቱ እንደሚተነፍስ የነገረዎት የለም። እኛ ካርዱን ስናስተኛና ስናቆም ቤቱን አላየንም።» ዳንቴሉን በጥንቃቄ አጥፎ በሁለት እጁ አስረከባቸው። «እንዲህ ያለ የእጅ ሥራ ለቴሌቪዥኑ ይሁን።»

ከዚያ ወደ ቃለ ሕይወት ዞረ። ቀላሉ ነገር ዝም ማለት ነበር።

«ካርዱ ቆሞ ሰባ አንድ ነው፤ ተኝቶ ሰባ» አለ። «ይህን የለካሁት በመጀመሪያው ቀን ነው። በአንድ ዲግሪ ነው ስምህን ሳጠፋ የሰነበትሁት። አቋቋምህ ምንም ጥፋት የለበትም። ይቅርታ አድርግልኝ።»

ቃለ ሕይወት አንገቱን ደፋ፤ ከዚያ ፈገግ አለ። «የኔም ጉብጠት እውነቱን ለመናገር የፀጉር ያህል ነበር። ትንሽ አጋነንኩ።» ፈገግታው ቀስ እያለ ጠፋ። ወደ ርሆቦት ዞረ። «እንግዲህ ሁሉም እውነት ከተናገረ እኔም ልናገር። ሥራሽን እዚህ ትጨርሺያለሽ፤ ጠረጴዛው አያስፈልግሽም። ግን ጠረጴዛውን ያዘጋጀሁት ለሥራ ብቻ አልነበረም፣ ርሆዬ። ብትመጪ ደስ ይለኛል። በወግ በማዕረግ፣ እናትሽን አስጠይቄ።»

ርሆቦት ግን ያየችው ባምላክን ነው።

«አንተ አሁን የምጠይቅህን እናቴ ፊት መልስልኝ። ቃለ ሕይወት በሁለተኛው ቀን ገባ። አንተ በአራት ወር ደጃችንን አልረገጥህም። ለምን? ንቀኸን ነው?»

«ንቄ?» አለ ባምላክ። «ሽማግሌ የሚልክ ሰው ቀድሞ አይገባም ተብዬ ነው። ለፋሲካ ማግሥት አስቤ…»

«ማን ያውቃል ይህን?»

«አጎቴ።»

«ሽማግሌ የሚላከው ለአጎትህ ነው?»

ወይዘሮ ሰብለ ወንጌል በነጠላቸው አፋቸውን ሸፈኑ፤ ትከሻቸው ግን ሳቃቸውን አሳበቀ።

ርሆቦት ከጠረጴዛው ላይ ቁልፎቿን አነሣች፤ ፊቱ አድርጋም ይዛ ቆመች። ባምላክ ለመጀመሪያ ጊዜ አያቸው። ከቁልፎቹ መካከል፣ ጫፏ ተበስቶ ቀለበት የገባባት፣ በእጅ ብዛት የለሰለሰች፣ ጣት የምታህል የቡና እንጨት ተንጠልጥላለች።

«ምርኩዙ» አለ፣ በሹክሹክታ።

«ሦስት ጊዜ ሳጥኑን ከፈትህ» አለች። «ሦስቱንም ጊዜ ይህ ባንኮኒህ ላይ፣ ከክርንህ አጠገብ ነበር። ካርዱን ነው ያየኸው። እኔን አላየኸኝም።»

«አሁን አየሁሽ።»

በመንገዱ ላይ ባጃጅ አለፈ። ኮምፒውተሩ በጥግ በኩል ዝም ብሎ ይሠራል፤ በማያው ላይ ታንኳዋ ከሐይቁ መሃል ተነቃንቃ ወደ ባሕር ዳር መቅዘፍ ጀምራለች።

«እንግዲህ ሁለቱም የልባቸውን ተናገሩ» አሉ ወይዘሮ ሰብለ ወንጌል፣ ዳንቴሉን ደረታቸው ላይ አቅፈው። «እኔም ጥፋቴን ሰማሁ። የቀረሽው አንቺ ነሽ፣ ልጄ። ምን ይሁን?»

ርሆቦት ቃለ ሕይወትን በአክብሮት አየችው፤ እሱም ምን ሊሰማ እንደሆነ ገብቶት ራሱን ቀስ ብሎ ነቀነቀ። ከዚያ ቁልፎቿን በጭብጧ ጨብጣ፣ ሁሉም እንዲሰማ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ እንዲህ አለች፦

«ካርዱ ቃለ ሕይወት እንዳቆመው ይቁም፤ ያምርበታል። ሥራዬን እዚሁ ጨርሼ እዚሁ እኖራለሁ። ሽማግሌዎቹን ግን፣ ፋሲካ እንዳለፈ፣ ባምላክ ይላክ።»